ጉድን በአንድ ጨምር፣ ጉድን በአንድ ቀንስ

ማኅተም ቀራጩ እንደሚለው ከሆነ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ውድድር ላይ የአንዱን ልጅ ኮድ የሰረቅሁት በመስታወት ነው።

ወሬው ሲወለድ መስታወቱ ትንሽ ነበር፤ በመዳፍ የሚደበቅ የመኳኳያ መስታወት። በሁለተኛው ሳምንት ቦርሳዬ ላይ ተሰፋ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ መነጽሬ ላይ የተገጠመ፣ በልዩ ትእዛዝ የመጣ ዕቃ ሆነ። መነጽር አድርጌ አላውቅም። ይህን ማኅተም ቀራጩ አሳምሮ ያውቃል። የእሱን ሱቅና የእኛን ኮፒ ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው፤ ፊቴን ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሲያየው ኖሯል።

“መነጽር የላትም እኮ” ይለዋል አንዱ ደንበኛ።

“ያን ቀን አድርጋ ነበር” ይላል እሱ፣ ጎማውን በምላጭ እየፋቀ። ከዚያ ድምፁን ወደ ግድግዳው ከፍ ያደርግና፣ “እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሰው ነው የሚለው” ብሎ ይጨምራል። በእኛ መንገድ ላይ “ሰው” ማለት እሱ ነው።

ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ኮፒ ስታደርግ ተያዘች። ይህን ቀልድ አሥራ አንድ ሰው ቀልዶብኛል፤ አሥራ አንዱም ቀልዱን የፈለሰፈው እሱ ራሱ የሆነ ይመስል ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

ኮፒ ቤቱ የአክስቴ ነው። ትምህርቴን በጨረስኩበት ዓመት ወገቧን አመማትና ማሽኑ ሰው ፈለገ፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ የነበረውም በዚያው ዓመት ነው። ማሽኑ አሸነፈ። አክስቴ የማትለቃት አንዲት ልማድ አለቻት። ሥራ ሲያልቅ፣ ዋናውን ለባለቤቱ ከመመለሷ በፊት፣ በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ከታች ጥጉ ላይ፣ ስንት ቅጂ እንዳወጣችና የትኛው ገጽ ተበላሽቶ እንደገና እንደታተመ በእርሳስ ትጽፋለች። “ነገ መጥቶ ጎደለብኝ ቢለኝ የራሱን ወረቀት ገልብጬ አሳየዋለሁ” ትላለች። የተበላሸውንም አትጥልም። ጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን ትከተውና ጀርባውን ለማዘዣ መጻፊያ ታደርገዋለች።

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ካርቶን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ አገጬን ቀና አድርጌ “ከማንም አልተማርኩም” እላለሁ፤ ሲሰሙት ያምራል፣ ሲናገሩት ደግሞ የበለጠ ያምራል። እውነቱ ግን ሃያ ሦስት ገጽ ወረቀት ነው። ሽፋን የለው፣ መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው፤ ከገጽ 38 ተነሥቶ ገጽ 60 ላይ ቀጥ ይላል። በየገጹ መሐል የቀለም ጅራት ተጎትቶበታል። ከአንዱ ጀርባ ላይ በአክስቴ ጽሕፈት “ጉርድ ፎቶ፣ ስምንት፣ ለነገ ጠዋት” የሚል ማዘዣ አለ። የቀረውን ከስልክ፣ ከኢንተርኔትና ከራሴ ንዴት አሟላሁት፤ መሠረቱ ግን ያ ነው።

ገጽ 41 ላይ፣ ከብዙ ሺህ ቁጥሮች መሐል አንዱን ፈልጎ በፍጥነት የሚያገኝ ኮድ ነበር። ውስጡ በላቲን ፊደል “ጉድ” የሚባል ተለዋዋጭ፣ ማለትም ቁጥር የሚያዝበት ስም፣ አለ። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ጉድ በአንድ ይጨምራል። በሚቀጥለው መስመር ጉድ በአንድ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ጉድን የሚያነሳው የለም። አንድ ቀን ሁለቱን መስመሮች ሰረዝኳቸው፤ ፕሮግራሙ እንቢ አለ። መልሼ ስጽፋቸው ሠራ። እንቢ ያለው አብሬያቸው በሰረዝኳት ቅንፍ ምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ጉድ የቤቱ ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ ጠባቂን ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አያሰናብትም። በየኮዴ መግቢያ ላይ አቆምኩት።

ውድድሩን የጠራው አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ማስታወቂያውን ሊያባዙ የመጡት ወደ እኛው ቤት ነበር። “አንደኛ የወጣ ተወዳዳሪ ይቀጠራል፤ የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም” ይላል። ማሽኑ መቶ ጊዜ ሲተፋው መቶ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለራሴ አንድ አስቀረሁና ላሚኔት አደረግሁት። ያንኳኳሁት በር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ወረቀት ነበር፤ በዘመኔ ሁሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ ኖሬ የራሴ የሚባል አንድም የለኝም። ይሄኛው በር ግን አልጠየቀም።

የተወዳዳሪ ስም አውጡ ስንባል “ኮፒ ቤት” ብዬ ተመዘገብኩ። ያን ጊዜ ብልጠት መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ኮምፒውተር ነበር፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲያጉረመርሙ የተራበ ከብት ጋጣ ይመስላሉ። ቦታ በዕጣ ደረሰን። ከእኔ ሁለት ረድፍ ቀድሞ ባለካናቴራው ተቀመጠ። ባለካናቴራው የምለው ስሙን ስለማላውቅ አይደለም። ያሸነፈባቸውን ውድድሮች ካናቴራ እያፈራረቀ ስለሚለብስ ነው፤ ጀርባው ላይ ዓመቱ በትልቁ ተጽፏል። ከኋላው የተቀመጠ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ የድል ታሪኩን ሲያነብ ይውላል።

ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። አምስቱንም ፈታሁ፤ እሱም አምስቱን ፈታ። የመጨረሻውን እሱ ከእኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ አስገባ። ነገር ግን ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ተሳስቶ ኖሮ በየስሕተቱ ቅጣት ተጨመረበት። እኔ አንድም አልተሳሳትኩም። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ ከሁሉ በላይ “ኮፒ ቤት” የሚል ተጻፈ። አርባ ደቂቃ ቆየ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት፤ ዛሬም አለኝ።

በአርባ አንደኛው ደቂቃ ስሜን ጠርተው ወደ ጎን ክፍል አስገቡኝ።

ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያቸው ዶክተሩ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ይህን ትምህርት ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ያስተማረ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አንድ ቃል የማይናገር ሰው። ከፊቱ የእኔና የባለካናቴራው ኮዶች ጎን ለጎን ታትመው ተዘርግተዋል፤ የሚመሳሰለው ሁሉ በቢጫ ተቀልሟል። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ኅትመቱ ደግሞ ቀለም ሊያልቅበት የደረሰ ማሽን ሥራ ነበር፤ ይህን እንኳ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

“ይህቺ ተለዋዋጭ ምንድን ናት?” አለ ዶክተሩ ጣቱን አኑሮ።

“ጉድ ናት።”

“ስሟን አልጠየቅሁሽም። ሥራዋን ነው።”

“በአንድ ትጨምራለች።”

“ከዚያስ?”

“በአንድ ትቀንሳለች።”

“ስለዚህ ምንም አትሠራም ማለት ነው።”

“እሱማ ስንቱ አለ፣ ምንም ሳይሠራ ወንበር ይዞ የተቀመጠ።”

ከዳኞቹ አንዷ ሳል ያዛት። ዶክተሩን አልያዘውም።

“እንግዲህ ስሚኝ” አለ። “ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ትርጉም የለሽ ነገር በየትም አይቼ አላውቅም። ሁለት ሰዎች ትክክለኛውን መልስ ተመሳሳይ አድርገው ቢጽፉ ይገባኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቂልነት፣ በአንድ ዓይነት ስም፣ በአንድ ቀን ሊወልዱ ግን አይችሉም። አንዳችሁ ከአንዳችሁ ወስዳችኋል። እሱ ቀድሞ ነው ያስገባው። አንቺ ከኋላው ነበርሽ። ጉድን ከየት ተማርሽው?”

እዚህ ላይ ስለ ካርቶኑ ልነግረው እችል ነበር። ሃያ ሦስት ገጹን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ልዘረግፈው እችል ነበር። ግን እሱ ሠላሳ ዓመት ካስተማረበት ወንበር ቁልቁል እያየኝ፣ እኔ ከቆሻሻ ወረቀት ነው የተማርኩት ልበለው?

“ከጭንቅላቴ” አልኩ።

“እሱም እንደዚያ ነው ያለው” አለ ዶክተሩ፣ በጣም ደክሞት።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጥርጣሬውን ለማጥራት ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሐሙስ ጠዋት በተለያየ ክፍል ተቀምጠው አንድ አዲስ ጥያቄ እንዲፈቱ ይላል። የፈታ ውጤቱ ይጸናል፤ ያልቀረበ ይሰረዛል።

ደሜ ፈላ። አንደኛ የወጣሁ እኔ፣ የተጠረጠርኩ እኔ፣ ደግሞ ተመልሼ የምፈተን እኔ። “አልሄድም” አልኩ።

“እግርሽን ምን ሆነሽ ነው የማትሄጂው?” አለች አክስቴ፣ መጽሐፍ እየጠረዘች።

“ክብሬን ነው የሆንኩት።”

“እሱስ ሐሙስ ከሰዓትም ይደርሳል። ጠዋት ሂጂ።”

ረቡዕ ከሰዓት ባለካናቴራው ራሱ ሱቃችን መጣ። ያን ቀን የለበሰው ተራ ሸሚዝ ስለነበር ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከግድግዳው ወዲያ የማኅተም ቀራጩ ምላጭ መፋቁን አቆመ።

“ኮፒ ነው?” አልኩት።

“አይ፣ አንቺን ፈልጌ ነው።”

“እኔንማ ኮፒ አድርገህ ጨርሰሃል። ምን ቀረህ?”

አንገቱን አከከ። “እኔ እንዳልወሰድኩ አውቃለሁ። አንቺም የወሰድሽ አይመስለኝም። ሁለት ረድፍ ከኋላ ሆነሽ የእኔን ስክሪን ማንበብ አትችይም፤ እኔ ራሴ አፍንጫዬን አስጠግቼ ነው የማነበው።”

ይህ ደህና ቀልድ ነበር። አልሳቅሁም።

“ስለዚህ ሁለታችንም ከአንድ ቦታ አይተነው ነው” አለ። “ጉድን ከየት አገኘሽው?”

“ከጭንቅላቴ።”

“እኔም ለነሱ እንደዚያ ነው ያልኳቸው። ሦስት ጊዜ አሸንፌ ከሰው ወረቀት ነው የለመድኩት ማለት ከበደኝ። እውነቱን ግን ልንገርሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለን የተሰጠን አንድ—”

“መጣ” አልኩ። “አክስቴ፣ ሰዓት እዪልኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ዩኒቨርሲቲውን አመጣው።”

“እኔ እኮ ለመኩራራት አይደለም—”

“አይደለም፤ አንተ የት ኩራት ታውቃለህ። ዓመቱን ጀርባህ ላይ ጽፈህ የምትዞረው እንዳይጠፋህ ነው።”

ጆሮው ቀላ። ባንኮኒው ላይ የነበረውን የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አንሥቶ አጣሞ አጣሞ መልሶ አኖረው። “እሺ” አለ። “ከየትም ይምጣ። ነገ ብቻ ነይ። እንደምትፈቺው አውቃለሁ። ሁለታችንም ከፈታነው አንደኛዋ አንቺ ነሽ፤ ሥራው ያንቺ ነው።”

“ሌባ ነሽ ተብዬ አልፈተንም። አንተ ለምዶብሃል፣ ተፈተን።”

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

“ደህና ልጅ ነው” አለች አክስቴ።

“ሌባ ነው።”

“ሌባ ከሆነ ምን ሊያደርግ መጣ?”

“ሊያጣራ።”

“ምኑን?”

የላሚኔሽን ማሽኑን አበራሁት። ሲግል ይጮኻል፤ ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ ጥሩ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አርባ ሁለት የሠራተኛ መታወቂያ ላሚኔት አደረግሁ። አንዱም አልተጨማደደም። ባለካናቴራው በሌላኛው የከተማው ጫፍ ተቀምጦ ጥያቄውን በአንድ ሰዓት ከሩብ ፈታው። ማታ ማስታወቂያው ወጣ፦ እሱ አንደኛ፤ “ኮፒ ቤት” የሚለው ስም ተሰርዟል፤ ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርብ። አላቀረብኩም። ቅሬታ ማቅረብ ልመና መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትንም ልደብቅ አልፈልግም። ከውድድሩ ስድስት ወር በፊት አንድ የመለማመጃ ድረ ገጽ ላይ የራሴን ኮድ ለጥፌ ነበር፤ ጉድም አብሮ ነበር። እሱ ከዚያ ወስዶታል ብዬ ወሰንኩ። ወሰንኩ ነው የምለው፤ ማስረጃ አልነበረኝም። ከዚያ ለፎቶ ኮፒ የመጣውን ሁሉ፣ ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ፣ ይህን አጠጣሁት። ለአንዲት ነርስ ነገርኳት። ለአንድ የጠበቃ ጸሐፊ ነገርኩት። የባለካናቴራው አራት ጓደኞች መጥተው ሲያስጠርዙ፣ እንዲሰሙት ድምፄን ከፍ አድርጌ ለአክስቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ “ሳይወስደው አልቀረም” እል ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ድረ ገጹን ከፍቶ ሲገለብጥ በዓይኔ ያየሁት ያህል እተርክ ጀመር።

ማኅተም ቀራጩ ሁለቱንም ወሬ ያዘ። እኔን ለማይወድ ደንበኛ መስታወቱን ይነግረዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ለማይወድ ደግሞ ድረ ገጹን። አንድ ቀን በግድግዳው በኩል፣ “ጋሼ፣ አንዱን ይምረጡ እንጂ” አልኩት።

“ምን ላርግ ልጄ” አለኝ። “ሁለቱም ጥሩ ነው።”

ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ድርጅቱ አዲስ የውድድር ማስታወቂያ ሊያባዛ መጥቶ፣ “የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው/ያላት” የሚል መስመር እንደተጨመረበት እኔው በእጄ አየሁ፣ እኔው በእጄ አባዛሁት። ባለካናቴራው እዚያው እየሠራ ነው። የጓደኞቹ ነገር ግን እንደ ድሮው አልሆነም ይላሉ፤ ሰው ከኋላው “ጉድ መጣ” እያለ ይጠራዋል አሉ። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሰው ገባና ጉሮሮውን ጠረገ። ዶክተሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማሽን ተበላሽቶ ኖሮ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ወፍራም ጥራዝ ባንኮኒው ላይ አኖረ። “ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነው። ሁለት መቶ ቅጂ” አለ። አላወቀኝም። ሰው ከባንኮኒ ወዲያ ያለን ፊት አያይም።

ሥራ ስቀበል ጥራቱን ለማየት መሐሉን እከፍታለሁ። ከፈትኩት። ገጽ 41 ነበር።

የእኔው ገጽ ነው፤ የቀለም ጅራቱ ብቻ የለም። ጉድ በአንድ ይጨምራል። ጉድ በአንድ ይቀንሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት አለ፣ እሱም የእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ልጁ “የተሰጠን አንድ—” ብሎ ያልጨረሰው ቃል ፊቴ ተዘርግቷል።

“ዶክተር” አልኩ፣ ጣቴን አኑሬ። “ይህቺ ተለዋዋጭ ምንድን ናት?”

መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። አጎንብሶ አየ። “ምንም አትሠራም” አለ። “ስሕተት ናት። ማነው ይህን የጻፈው?”

ጥራዙን ዘግቼ ሽፋኑን ወደ እሱ አዞርኩት። ስሙ ከነማዕረጉ፣ ከርዕሱ በሚበልጥ ፊደል ተጽፏል።

“እሱ… ያኔ ረዳቶች ነበሩኝ። እነሱ ናቸው ያሰናዱት። እኔ መቅድሙን—”

“መቅድሙን ጻፉ?”

“አረምኩት።”

ከግድግዳው ወዲያ ምላጩ ቆሟል።

“ላውጣት?” አልኩ።

“ምኗን?”

“ጉድን።”

መነጽሩን አወለቀ። “ተያት። ትምህርቱን አታበላሽም። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ይኸንኑ ነው የሚወስዱት፤ ለምደዋታል።” ቦርሳውን አነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። “ፊትሽ አዲስ አልሆነብኝም። ተማሪዬ ነበርሽ?”

“አይ” አልኩት። “እኔ ከማንም አልተማርኩም።”

ሲወጣ ጥራዙን ፈታሁና ማሽኑ ላይ ላኖረው ስል፣ የመጨረሻው ቅጠል ተገለበጠ። ከጀርባው፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ ሊጠፋ ምንም ያልቀረው የእርሳስ ጽሕፈት አለ። ወገቧን ሳያማት በፊት የነበረው ቀጥ ያለው የአክስቴ እጅ ነው፤ ከሥሩ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ቀን ተጽፏል።

“ሦስት መቶ ቅጂ። ከ38 እስከ 60 ቀለም ተጎትቶበት ተበላሽቷል፤ እንደገና ታትሟል።”